ቆስያለሁ የሚለው ማን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ልብስ ስፌት ሱቃችን ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ወጥሬ ይዣለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ይተኩሳል። እንደ ወትሮው ስልኩን በትከሻው አጣብቆ ከደንበኛ ጋር ይሳሳቃል። ካውያውን ግራ እጄ ላይ አሳረፈው! ጮህኩ። «ውይ፣ ሶሪ እትዬ» አለና ወሬውን ቀጠለ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። በቃ... ሶሪ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ውሃ ቋጥሯል። ጨርቅ ጨብጬ መስፋት አቃተኝ። «አቃጠልከኝ እኮ!» ስለው፣ «ሶሪ አልኩሽ አይደል? ምን ልሁንልሽ?» በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደደበት። መቀሴን አንስቼ ወጣሁ። የአባታችን ሱቅ ነው እያልኩ እስከ መቼ? ተካፍለን ለየብቻችን እንሁን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ባሌ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ የቃል ታሪክ ካገኘ እህልም አያምረው። ቅባት ቀባኝ ስለው፣ «ሶሪ እኮ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከቁስል የመጣ ቃል ነው» ብሎ ጀመረ። «ብዙ ሰው ሶሮው ከሚለው የሐዘን ቃል ጋር ያዛምደዋል፤ መልካቸው ተቀራረበ እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው። ሶሪ ያለ ሰው አሞኛል፣ ቆስያለሁ ማለቱ ነበር።»
ቆስያለሁ?! የተቃጠልኩት እኔ፣ የቆሰለው እሱ!
«አንተስ ቃሉን ከምታክም እጄን አታክምም?» ጮህኩበት። «ሶሪ» ብሎኝ እርፍ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
እናታችን ደወለች። «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ቻይው።» ትልቅ መሆን መቃጠል ነው እንዴ? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ... የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አልመለስም አልኳት። «የጀመርሽውን የሙሽራ ቀሚስስ ማን ይጨርሰው?» አለች። ራሱ ይጨርሰዋ!

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ወንድሜ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ሶ...» ሲል፣ «እንዳትላት!» አልኩት። «ቃሉ ቁስል ማለት ነው። የታለ ቁስልህ? አሳየኛ!»
ግራ ገባው። ባሌ ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲጠራርግ በዓይኔ ዝም አሰኘሁት።
ወንድሜ ቀረብ ብሎ፣ «እስቲ እጅሽን» አለኝ። ፋሻውን ራሱ ፈታው። የካውያው ጫፍ እንዳለ ታትሟል። አየው... ፊቱን አላዞረም። «ያምሻል?»
ይቺን ለመጠየቅ ይሄን ሁሉ ቀን!
«ያማል» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሶሪ አላለም፤ ፋሻውን ቀስ አድርጎ መልሶ ጠቀለለልኝ።
ንዴቴ አለቀ? አላለቀም። ነገ ግን ሱቅ እገባለሁ። ካውያውን እኔ እይዛለሁ፤ ኮሌታውን እሱ ይወጥር።