ማንም እናቱን ሊገድል አላሰበም

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ይህ ሲጻፍ በክፍሉ ያለነው እኔ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ባለቤቴ፣ እና በተከፈተ ቁጥር እንደ በሽተኛ የሚያቃስተው ኮምፒውተራችን ነን።

ይድረስ ለተከበሩ የኢንተርኔት ጨዋታዎች መደብር የጥራትና የአስተያየት ቁጥጥር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በተለይ ዓይንዎና ጆሮዎ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ የሁለቱን ዋጋ በእኛ ቤት ጠንቅቀን እናውቀዋለንና።

እኔ በልብስ ንጽሕና ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ባለቤቴ በያጅ ነበር፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ግን ቤት ዋለ። የሰው ልብስ ከምንጠቀልልባቸው የተገነጠሉ የኮምፒውተር መጻሕፍት ገጾች እየለቀምኩ የተማርኳትን ያህል ተፍጨርጭሬ «በጆሮ ወደ ቤት» የተባለ ጨዋታ ሠራሁለት። ተጫዋቹ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ፣ የወፍጮውን ጩኸት፣ የጎረቤትን በር ሲጥታ እየሰማ ቤቱን ያገኛል። መደብራችሁ ተቀበለው፤ ሌሎች ዓይነ ስውራንም አገኙት። ከጨዋታው በታች ያለው የአስተያየት ቦታ ለባለቤቴ ሰፈር ሆነለት። ከሥራ ስመለስ አነብለታለሁ፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሾፌር የነበረ አንድ ተጫዋች «ጋሼ፣ ትናንት ወፍጮ ቤቱ ጋ ጠፍተህ አደርክ አሉ» ይለዋል፤ ባለቤቴም «አንተ ድሮ እያየህ ስትነዳስ መቼ መንገድ ታውቅ ነበር?» ይለዋል። ባለፈው ሳምንት ጨዋታውንም ሰፈሩንም አጠፋችሁት። ስለዚህ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ጨዋታው «ምስል የሌለው፣ ያልተጠናቀቀ» ተብሏል። ለማያይ ሰው ምስል አለማቅረቤ በእርግጥ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ስለ ጠቆማችሁኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ አስተያየቶቹ «የግድያ ዛቻ» ተብለው ተሰርዘዋል። ያ ሾፌር «እናቴ ትሙት፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ገጥሞኝ አያውቅም» ብሎ ጽፎ ነበር። አስተያየት የሚያጣራው ማሽናችሁ እናትየውን ለማዳን ፈጥኖ ስለ ደረሰ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ሰውየው ማለ እንጂ አልዛተም፤ እንዲያውም እናቱን ቢወድ ነው በእሷ የማለው። ጡረታ የወጣች አንዲት የስልክ ኦፕሬተርም «ቧንቧው ጋ ስደርስ አንጀቴን በላው» ስትል አሳዘነኝ ማለቷ ነው፤ ሆድ ዕቃዋ እንዳለ ነው። ሌላው ደግሞ እኔን «እሳት የላሰች» ስላለኝ ስለ ቃጠሎ አደጋ የሚያስጠነቅቅ መመሪያ ከነሥዕሉ ላካችሁለት፤ ሥዕሉን እንደሚወደው አልጠራጠርም።

፫ኛ፦ ስመዘገብ «ሥራ» በሚለው ቦታ «ተኳሽ» ብዬ ሞልቼ ማሽናችሁን አስደንግጫለሁ። «ልብስ» የሚለውን መዝለሌ የእኔ ጥፋት ነው። ካውያዬን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

በእኔ ጨዋታ ቦታ «ተመራጭ» ብላችሁ የሰቀላችሁትን አይቻለሁ። ሐብሐብ በዱላ መምታት ነው። ከሥሩ አድናቂዎች «ዕቃው በፍጥነት ደረሰኝ፣ ልኬ ነው፣ ቀለሙም አይለቅም» ብለው መስክረዋል። ይህን ያህል የተመረመረ ምስክርነት ማንበብ ያጽናናል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ገጹ መጥፋቱን ለባለቤቴ መንገር አቃተኝ። ባዶው ገጽ ፊት እየተቀመጥኩ ከራሴ እየፈጠርኩ አነበብኩለት። ሐሰተኛ አስተያየት በደንባችሁ ክልክል መሆኑን ስለማውቅ ራሴን አጋልጫለሁ፤ እንደ ፈቀዳችሁ ቅጡኝ። ባለቤቴ ለጥቂት ቀን ሲያዳምጥ ቆየና ትናንት «እነዚህ ሰዎች ምነው ጨዋ ሆኑ? የሚምል የለ፣ የሚሰድበኝ የለ፤ ምን ነክቷቸው ነው?» አለኝ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ማቃሰቱ ሲቆም ሁሉም ገባው። «ዓይኔ ሲጠፋ እንኳ እንዲህ አልጨለመብኝም» ብሎ ተኛ፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ክቡርነትዎ፣ የእነዚያን ሰዎች አድራሻ እኔ የለኝም። እውነተኛ ስማቸውንም አላውቅም። ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ጨዋታው ጥራት ከጎደለው ጣሉት፣ ለሐብሐቡም ቦታ ይስፋለት፤ ሰዎቹን ግን መልሱልን። ሌላ የምለምነው የለኝም።

መልስ እስካገኝ ድረስ ደጃችሁን በአክብሮት የምጠና፣ በሰው ላይ ተኩሳ የማታውቅ፣
የልብስ ተኳሿ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ረቡዕ ጠዋት፦ ዛሬ ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ፤ ባለቤቴ አልጠጣም። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት መደብራችሁን ራሱን ደንበኞች የሚመዝኑበትን ቦታ ከፈትኩ፤ አምስቱንም ኮከብ ሰጠሁና «ለዓይነ ስውራን ስለ ዋላችሁት ውለታ እግዜር የሥራችሁን ይስጣችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማሽናችሁ ወዲያው ተቀበለኝ፤ «ጨዋና ገንቢ» ብሎ ከሁሉ በላይ አወጣው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ከስንት ቀን ውሸት በኋላ ያነበብኩለት የመጀመሪያው እውነተኛ አስተያየት ነው።