የሰይፍ ማኅበራችን የበላይ ጠባቂ ስላሳሰሯት ሴትና ስለ ጃኬቴ

ቆቦ፣ ኅዳር 1966 ዓ.ም.

ለክቡር ገዢያችንና ለጥንታዊ የአውሮፓ ሰይፍ አጥኚዎች ማኅበር የበላይ ጠባቂ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? በቅሎዎስ? እኛ ከሞቱት በስተቀር ደህና ነን።

እኔ መምህር ይርጋ አራጌ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ጣሊያን ትቶት ከሄደው መጽሐፍ እያጠናን፣ ስድስት ሆነን በእንጨት ሰይፍ መለማመድ ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ምቱን እንዲያበርድልንም ጆንያ በጃኬት መልክ ሰፍተን፣ ማሽላ በተረፈበት ዘመን የአውድማ እብቅ ጠቅጥቀንበታል። ከአዲስ አበባ ለሚመጡት እንግዶች ጨዋታችንን እንድናሳይ ስላዘዙን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ እንግዶቹ እኛን ሲያዩ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው እንዳያዩ መታሰቡም አስተዋይነትዎን ይመሰክራል።

ይሁንና እነዚህን ጥቃቅን ቅሬታዎች እንዲሰሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩ኛ/ ልጇን ራቢዓን አዝላ ከዋጃ የመጣችው ሙሚና ታሂር፣ ላቡ እንዲደርቅ አጥር ላይ ያሰጣሁትን ጃኬቴን በእሾህ ፈትታ፣ እብቁን አንፍሳ፣ ሁለት እፍኝ የማትሞላ ማሽላ ለቅማበታለች። ከዚያም እብቁን መልሳ ሰፍታዋለች፤ ስፌቷ ከእኔ ስፌት ያምራል። ለእንግዳ መቀበያ የተዘጋጀ ንብረት አበላሽታለች ተብላ የታሰረችው በዚህ ነው።

፪ኛ/ ነገሩን በልምምድ ላይ ለመሳቂያ ያወራሁት እኔው ነኝ። ክቡርነትዎ ስቀው ሳይጨርሱ ዘበኛ ላኩ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ ያን ቀን ምሳ በልቼ ነበር፣ አፍሬያለሁ። ጃኬቱ የእኔ ነው፣ ወድጄ ሰጥቻታለሁ፤ ስለዚህ ሙሚና ትፈታልኝ።

፫ኛ/ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻት ማሽላ ኤግዚቢት ሆና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ደግሞ ከጣቢያው አጥር ሥር ተኝታለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ማሽላዋ ተቀቅላ ለልጅቷ እንድትሰጥ ይፍቀዱልኝ፤ እኔ ያመጣሁላትን ቂጣ ዘበኞችዎ ትእዛዝ የለንም ብለው መልሰውታል።

፬ኛ/ መጽሐፋችን፣ ሰይፉ ከእጁ የወደቀ ሰው አይመታም ይላል። ተርጉሜ የሰጠሁዎ ገጽ ጠፍቶብዎ ከሆነ ደግሜ እጽፍልዎታለሁ።

እብቅ ለብሶ እንግዳ እንዲያስደስት የታዘዘው፣ ደጅዎን በመጥናት ጉልበቱ የዛለው ትሑት አገልጋይዎ፣

ይርጋ አራጌ

ግልባጭ፦ ለቆቦ ገበያተኛ በሙሉ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ ራቢዓ ሞታ ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀብረናታል። ስለዚህ በ፫ኛ ያቀረብኩትን ልመና አንስቻለሁ፤ ማሽላዋ እስከ ፍርዱ ቀን ሳትነካ ብትቆይ ቅር የሚለው ሰው የለም። እናቷ ግን እስካሁን አልሰማችም፤ መርዶውን የማኅበራችን የበላይ ጠባቂ ራሳቸው ቢነግሩልን ክብር ይሰማናል።