አማቴን ማጥመድ ክልክል ነው

ውድ ባለቤቴ፣

መልእክትህ በስልኬ ደርሶኛል። በስልክ ያልመለስኩልህ፣ እኔ ቁም ነገር ስጀምር አንተ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ብለህ እንደምትዘጋ ስለማውቅ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። «ውድ» ያልኩህም ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል እንጂ ንዴቴ በርዶ አይደለም። ብየዳ ላይ ከሆንክ መጀመሪያ መሣሪያህን አጥፋ፤ እያነበብክ እጅህን ብታቃጥል ደግሞ ጥፋቱ በእኔ ይላከካል።

«ቅዳሜ ለዓመት ፈቃዴ እመጣለሁ። የማጥመጃ ዘንጌን ወልውለሽ ጠብቂኝ። ክልከላ መኖሩን ሰምቻለሁ፤ አታስቢ፣ አምባዛ የሚባል ዓሣ አልነካም። አንድ ሁለት አማቴ ብቻ» ይላል መልእክትህ። ከግርጌው የሚስቅ ፊት አስቀምጠህበታል። ያ ፊት በሳቀ ቁጥር የእኔ ቆሽት አረረ።

ለፋብሪካው ሥራ ከሄድክ ወዲህ እዚህ የሆነውን በደንብ ስለማታውቅ ከመነሻው ልንገርህ። ባለፈው ዓመት ዝናብ ሲገባ አምባዛዋ እንደ ልማዷ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ሸምበቆው ጥልቀት የሌለው ውሃ ወጣች። የእኛ ሰዎችም እንደ ልማዳቸው እዚያው ጠበቋት። ከዚያ በኋላ መንጠቆ ላይ የሚወጣው መጀመሪያ የጣት ያህል፣ ቀጥሎም ባዶ ሆነ። ስለዚህ ዘንድሮ የምሥራቅ ዳር፣ የምዕራብ ዳርና የድልድይ ስር አጥማጆች ተሰብስበው ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ከሸምበቆው እስኪወጡ ድረስ አምባዛ እንዳይጠመድ ወሰኑ። ሰው መብላት ስላለበት ሌላው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ ተፈቀደ። ሦስቱ ዳር በአንድ ነገር ሲስማሙ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠባቂ ይመረጥ ሲባል ያ ወዳጅህ ፀጉር አስተካካይ ብድግ አለና፣ «መንጠቆ የምትሸጠው እሷ ናት። ማን ምን እንደገዛ ታውቃለች» ብሎ እኔን ጠቆመ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔ ግን በበላሁበት ላይ እንድጮህ ተመረጥኩ።

አንድ ቆርቆሮ ገዝቼ በቀይ ቀለም «አምባዛ ማጥመድ ክልክል ነው» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩና ወደቡ ላይ ተከልኩ። በማግስቱ ጠዋት ብመጣ ዳቦ ጋጋሪው ኮቱን ማስታወቂያው ላይ ሰቅሎ፣ ከስሩ ተቀምጦ ያጠምዳል።

«ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሻለቃ።»

«ይሄ አምባዛ ነው!»

«አምባዛማ ክልክል ነው እህቴ። ማንበብ አልችልም እንዴ? ይሄ ሻለቃ ነው። ጢሙን አታይውም? እኛ ምሥራቅ ዳር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሻለቃ ነው የምንለው። አምባዛ የሚሉት እነዚያ ድልድይ ስር ያሉት ናቸው። ሂጂና እነሱን ያዢ።»

ድልድይ ስር ወረድኩ። እዚያ ደግሞ፣ «አምባዛ? እኛ ጋ አምባዛ ዘሩም የለ! ያለው ደጋሚ ነው» አሉኝ። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ከታች ስለማይነቃነቅ ነው አሉ። እንደ ትልቅ ምሁር አስረዱኝ፤ እያስረዱኝም አንዱን ደጋሚ ጎትተው አወጡት።

ምዕራብ ዳር ምን ብለው እንደሚጠሩት ለአንተ አልነግርህም። ስሙን ያወጣኸው አንተው ነህ። እናቴ ለጥየቃ በመጣች ቀን ያን የመሰለ አምባዛ ይዘህ ገብተህ ማጠቢያው ውስጥ ዘረጋኸው። እሱን አየህ፣ እናቴን አየህ፣ «አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ ትንሽ ግን ምንም የማያመልጠው፣ አንዴ ከገባ የማይወጣ፤ ቁርጥ አማቴን!» አልክ። ምዕራብ ዳር ስሙን እንደ ርስት ተቀበለው። አሁን እናቴ እኔ ጋ ትኖራለች። በዳሩ ስታልፍ ምን እንደምትሰማ ታውቃለህ? «ትናንት አማቴን ከሸምበቆው ውስጥ ጎትቼ አወጣኋት፤ እምቢ ስትለኝ ጭንቅላቷን በዱላ አልኳት!» ከዚያ ሳቅ። አሮጊቷ አንድ ሰሞን ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሠፈር የገባች መስሏት በር ቆልፋ ነው የዋለችው።

እንግዲህ ሕግ ካልተብራራ አይከበርም ብዬ «ሻለቃ ማጥመድም ክልክል ነው» የሚል ጨመርኩ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን፣ እውነተኛው ጡረተኛ ሻለቃ፣ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው ሱቄ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ እኔን ሊያጠምድ የሞከረ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም ጋሼ!»

«ታዲያ ስለ ምን ተከለከለ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ግዴለም ይቆይ። ጥንቃቄ አይከፋም።»

«አማቴን ማጥመድ ክልክል ነው» ብዬ ስጨምር ደግሞ አዲስ የተጋቡ ሁሉ ከስሩ ቆመው ፎቶ መነሳት ጀመሩ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችውና፣ «ማን ደፍሮ! አባትሽ እንኳ አላጠመደኝም፤ እኔ ነኝ እሱን ያጠመድኩት» ብላ በኩራት ወደ ቤት ገባች። «ደጋሚ»ን ስጽፍ ከትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ መጥቶ፣ «ደጋሚን በማስታወቂያ ከጠበቅሽልን እኛ ምን እንሠራለን?» ብሎ ወቀሰኝ።

አንድ ስም ስከለክል በማግስቱ ሌላ ይወለዳል። ባለ ካፖርት አሉ። ምክትል አሉ። አከራዬ አሉ። «አከራዬ ደግሞ ለምን?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ገና ከሩቅ አፉን ከፍቶ ስለሚጠብቅ» ተባልኩ። የሰው ልጅ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ወላጆቹ ስንት ይጨቃጨቃሉ፤ ይሄ ዓሣ ግን ከመንጠቆ እስከ ባልዲ ባለው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ስሙን ይቀይራል። ቆርቆሮው ሞላ። ጽሑፉ ከማነሱ የተነሳ የሚያነበው አፍንጫውን ያስነካ ሰው ብቻ ሆነ።

ሁሉንም አጥፍቼ የዓሣውን ሥዕል ሳልኩ። ተሰብስበው እጃቸውን ኋላ አጣምረው ተመለከቱት። «የእኛው ፊቱ እንኳ ጨዋ ነው» አለ አንዱ። «ይሄማ ጫማ ነው፤ ጫማ ማጥመድ ክልክል ነው ማለቷ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሥዕሉንም አጠፋሁ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በትልቁ «ጢም ያለው ዓሣ ሁሉ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቆሮሶ ጢም የለው፤ አምባዛ ደግሞ በየትኛውም ስም ቢጠራ ጢሙን የት ይደብቃል? በዚያ ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እራቴን በደስታ በላሁ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። የዳቦ ጋጋሪውን ባልዲ ብከፍት ውስጡ ያለው አምባዛ እንደ ሙሽራ ፊቱ ለስልሶ ተኝቷል። አንድም ጢም የለው! ዳሩን ይዤ በሩጫ ወረድኩ። ከሸምበቆው ጀርባ ወዳጅህ ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንዷን አምባዛ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በመቀስ ያስተካክላል። ሌሎቹ ባልዲያቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሥራዬን ነዋ እህቴ። ደንበኛ ደንበኛ ነው።»

«ደንበኛህ እኮ ሞቷል!»

«ለዚህ እኮ ነው ሳይነቃነቅ የተቀመጠልኝ። በሕይወት ያሉትም እንዲህ ቢሆኑ ምን ነበረበት?»

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት። ግን ያቺ ዓሣ ሆዷ ተወጥሮ ነበር። ቢላዋ ተቀብዬ እዚያው ጭኑ ላይ ሰነጠቅኳት። እንቁላሉ ፎጣው ላይ ዝርግፍ አለ፤ አረንጓዴ፣ እንደ ማሽላ የደቀቀ፣ ማለቂያ የሌለው። «የሚመጣው ዓመት ዓሣ ይሄ ነው» አልኩት። «አሁን ስም አውጣለት።»

መቀሱን በፎጣው ጫፍ ጠረገና ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከኋላው የነበረውም ወረፋ ባልዲውን ይዞ ተበተነ።

በዚያው እሑድ በፀጉር ቤቱ ስለ ክልከላው ስብሰባ ተጠራ። ወንበር የደረሰው ወንበር ላይ፣ ያልደረሰው መስተዋቱን ተደግፎ ቆመ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ወዳጅህ ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ። «እኔ መቀሴን አስቀምጫለሁ። ሌላውም ዘንጉን ያስቀምጥ፤ አልቃወምም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባልሽ ቅዳሜ ይመጣል። ‹አንድ ሁለት አማቴ› ብሎ ለእኔም ጽፎልኛል። እሱ ሲያጠምድ ምን ልታደርጊ ነው?»

አየህ ጣጣህን? ለእኔ የላክኸውን ሳቅ ለእሱም ልከህለት ኖሯል!

«ባሏ እኮ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አይታ እንዳላየች ትሆናለቻ፤ ምን ታደርግ?»

«ፊሽካውን በቀስታ ትነፋለች» አለ ሌላው። ሲስቁ መስተዋቱ ውስጥ በእጥፍ ይታያሉ።

ከዚያ ያ ሁሉ ስም አውጪ፣ ያ ሁሉ ምክንያት ፈጣሪ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አፍ ተናገረ። ባልሽ ክር ውሃ ሳያስነካ ፈቃዱን ከጨረሰ፣ ጫጩቶቹ ከሸምበቆው እስኪወጡ አንድም ዘንግ አይነሳም፤ ባልሽ አንዲት እንኳ ካወጣ ግን ሁላችንም በየፊናችን ያወጣነውን ስም ይዘን ሸምበቆው ውስጥ እንገባለን አሉ። እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ። ምን ላድርግ? ትክክል ናቸው እኮ! እኔን ያናደደኝም ትክክል መሆናቸው ነው። ለአንተ ያጠፍኩትን ሕግ ለዳቦ ጋጋሪው እንዴት ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ?

ስለዚህ የዘንድሮው እንቁላል ሁሉ አሁን ያለው በአንተ እጅ ላይ ነው። ያውም በማይረጋው እጅህ።

ሌላም በሆዴ የቆየ ነገር አለ፤ ከተነሳ አይቀር ልጻፈው። አንተ ዓሣ ስታወጣ የምታወራበትን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ቀስ፣ አይዞሽ» ትላለህ። ጢም ላለው፣ ጭቃ ለሚሸት፣ በዘይት ለምትጠብሰው ፍጡር! ምዕራብ ዳር በሙሉ በአንተ ስም ያጠምዳል፤ ስም ማውጣት ተሰጥኦህ ነው ይላሉ። እኔን ግን ከተጋባን ጀምሮ የምትጠራኝ «ስሚ» እያልክ ነው። ስሚ፣ ክሩን አቀብዪኝ። ስሚ፣ በሩን ዝጊው። እነዚህ የማይረቡት አጥማጆች እንኳ «ወይዘሮ ክልክል» ብለውኛል። እንደ ስድብ ነው የሰጡኝ፤ እኔ ግን አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

ዓመቱን ሙሉ ብረት ስትበይድ ቆይተህ ጠዋት ውሃ ዳር መቀመጥ እንደሚያምርህ አውቃለሁ። ድንጋይ አይደለሁም። ጭንቄም ይሄው ነው፤ ድንጋይ አለመሆኔ። ሻንጣህን በሩ ላይ አስቀምጠህ፣ በዚያ ጭስ በሻከረው ድምፅህ «ስሚ» ስትለኝ፣ ምን ፈልገህ እንደሆነ ሳልጠይቅ እጄ ለመስጠት እንደሚዘረጋ ራሴን አውቀዋለሁ። ሦስቱ ዳር አያውቀኝም፤ አንተም አታውቀኝም፤ እኔ ግን አውቀኛለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዘንጎችህን በሙሉ ወልውዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩ። ቁልፉን ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። ጋሼ ሻለቃ ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ነገሩን ስነግራቸው አፋቸውን ጠርገው ተነስተው ቆሙና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ማን ቢመጣ ነው የማልሰጠው?»

«ማንም ቢመጣ ጋሼ።»

«ባልሽ ቢመጣ?»

«እሱ ቢመጣ፣ እኔም ብመጣ፣ አልቅሼ ብመጣ እንኳ።»

«ግልጽ ነው» አሉና ቁልፉን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው የኪሱን አዝራር ቆለፉበት። እኔ ስወጣ እሳቸው ገና እንደ ቆሙ ነበሩ። ክልከላው ሲነሳ ራሴ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ፤ ፈቃድህ እስከዚያ ካላለቀ የመጀመሪያውን ጠዋት እኔም አብሬህ እወርዳለሁ፤ ዝም ብዬም እቀመጣለሁ፤ የቻልኩትን ያህል።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ወደቡ ጋ ያወርድሃል። ሦስቱም ዳር ቆሮሶ የሚያጠምድ መስሎ ተቀምጦ ሻንጣህን ሳይሆን እጅህን ነው የሚያየው። ሰላም በላቸው፣ ውሃውን አትመልከት፣ አልፈህ ና። የዘንጉን ነገር ከፈለግህ ሻለቃው ጋ ነው። እኔን ከፈለግህ ቤት ነኝ።

ሚስትህ