አቶ አድማሴና የክዳኑ ቀዳዳ

አቶ አድማሴ ወልደ ገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ገብርኤል ፋንታሁን፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች እንኳየሁ በ፲፱፻፱ ዓ.ም. ጭልጋ አይከል ተወለዱ። ዳዊት ሳይጨርሱ እጃቸው ወደ ብረት አደላ። በጠላት ዘመን አዘዞ ከጣሊያን ጋራዥ ገብተው ሞተር መፍታትና መግጠም ተማሩ፤ ጠላት ሲወጣ ከዚያው አቅራቢያ ካለው ከተማ፣ ከገበያው ከአራዳ፣ የማኪና መጠገኛ ከፈቱ። በ፲፱፻፴፭ ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋረግ ማሩን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ከ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ጀምሮ ከወዳደቀ የጣሊያን ብረት፣ ከዋንዛ እንጨትና ከአቡጀዲ አንድ ሰው የምትጭን አውሮፕላን ሠሩ። «አድማሴ አበደ» የተባለው ያን ጊዜ ነው። እብድ ግን ቤንዚን በስስ ቆዳ አያጠልልም፤ ቱቦ በየሳምንቱ እየዳሰሰ አይለውጥም። በቤንዚኑ ቋት ክዳን ላይም የወስፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ በስተው ነበር፤ ቤንዚኑ ሲወርድ በምትኩ አየር ካልገባ ሞተሩ ተጠምቶ ይቆማልና። ልጃቸው በቀይ ቀለም «አይደፈን» ብላ ጻፈችበት።

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው አቶ በላቸው፣ የአራዳው ጠጅ ቤት ጌታ፣ በሰም የታሸገ ጠጅ ይዘው፣ በማግስቱ የምትበረውን አውሮፕላን ሊመርቁ ወደ አዘዞ ሜዳ መጡ። ቤንዚኑ ሸተታቸው። ክፍት ያደረ ጋን ይበላሻል ባይ ናቸውና ከጠርሙሱ አፍ ሰሙን ልጠው ቀዳዳዋን ደፈኑ። የሜዳው ዘበኛ ነጋ፣ «አያ በላቸው፣ ጽሑፉ ምን ይላል?» ቢላቸው፣ «ሴት ልጅ የሞነጫጨረችው ነው» አሉት። ማንበብ ያውቃሉ።

በማግስቱ አቶ አድማሴ ከአዘዞ ሜዳ ተነሡ። አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ዝም አለ፤ ከሽንብራ ማሳ ወደቁ። ሐኪም ቤት ተኝተው ክዳኑን አስመጡ፤ በጥፍራቸው ፋቁት፣ አሸተቱት። የማር ሰም ነው። «ለአያ እንዳትነግሩት፤ ለደግ ብሎ ነው» አሉ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው። ጥር ፲፰ ቀን በ፵፬ ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጃቸው አደራውን ልትጠብቅ ነበር። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ግን አቶ በላቸው ለለቀስተኛው «ቅራቅንቦው ገደለው፤ ብዬው ነበር» ሲሉ ተሰማ። ሰውን ቀብሮ ሥራውንም አብሮ መቅበር ግፍ ነው፤ ስለዚህ ይህ ተጻፈ።

አቶ አድማሴ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ክዳኑ ከነሰሙ ከቤት አለ፤ ቀይ ቀለሙ አልለቀቀም፣ ማየት የሚሻ ይምጣ። ትንፋሽ የሰጠ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። የደፈኑትንም እሱ ይቅር ይበል፤ እኛ ገና አልቻልንም።