ኤምፒስሪሽን ሳልከፍት ቻርጅ ያደረግሁበት ዓመት

ትርንጎዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ካየሁሽ ደግሞ ዓመት ከአምስት ወር። ድምፅሽን የሰማሁት ግን ባለፈው ዓርብ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አሁንም አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ እዚያው አልጋ በአልጋ በሚከራየው ቢድ ስፔስ ውስጥ ነኝ። ስምንት የነበርነው አምስት ቀርተናል፤ ሁለቱ ሥራ ሲጠፋ አገራቸው ገቡ፣ አንዱ ሻርጃ ወንድሙ ጋ ሄደ። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ባዶ ስለሆነ ሻንጣሽን እዚያ አስቀምጬዋለሁ። ጋራዡ ይሠራል። በዚህ ሙቀት የመኪና ኤሲ መበላሸቱን መቼም አይተውም። ማስክ አሁንም አላወለቅንም፤ አንዳንዴ ማታ ፊቴ ላይ ረስቼው እተኛለሁ። ልጃችን ሕሊና ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አንዱ በቅሏል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ቁርጥ አንቺን። እናትሽ እማማ ዘውዴም ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ያው ደብረ ማርቆስ፣ ከሕሊና ጋር በዚያው ቤት።

ያን ሰማያዊ ኤምፒስሪ ሻርጃ፣ ሮላ የገዛነው ሆድ የባሰሽ ሰሞን ነበር። አሠሪሽ ማዳም ስልክሽን ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ መሳቢያ ውስጥ እየቆለፈችብሽ፣ «ቀኑን ሙሉ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው» አልሽኝ። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ፣ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ርካሽ ዘፈን ማጫወቻ ነው። ሻጩ ዋላሂ ኦሪጅናል ነው ብሎ ማለልን። ስንከፍተው በቻይንኛ ጻፈልን፣ በሁለተኛው ወርም የማዳመጫው የቀኝ ጆሮ ሞተ። ማዳም ዱባይ፣ አል ባርሻ ያለው ቤቷ ስትገቢ ተቀብላሽ ገለባበጠችውና ካሜራ እንደሌለው ስታይ «ኸላስ፣ በቃ ያዢው» አለችሽ። በቀጣዩ ዓርብ ይህን ስትነግሪኝ ዕቃ ሳይሆን ሰው ያስፈታሽ ትመስዪ ነበር።

የዘፈኖቹን ስም በአማርኛ ስጽፍልሽ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ባዶ ሳጥን እየሆነ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥር ሰጠናቸው። ከዚያ ወዲያ ዘፈን በስሙ ጠርተሽ አታውቂም። «ሃያ ሦስትን አጥፋልኝ፣ ሰባትን ግን እንዳትነካብኝ» ትይኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍትሽ ቀን፣ አል ማምዛር ባሕሩ ዳር ስንቀመጥ የሚሠራውን ግራውን ጆሮ አንቺ ታደርጊና የሞተውን ለእኔ ትሰጪኛለሽ፤ እኔ የምሰማው አንቺ በአፍሽ የምታዜሚውን ነው። ሌላ ማዳመጫ መግዛት አቅቶን አልነበረም። እንዲሁ ለመድነው።

ድምፅ እንደሚቀዳ ያወቅነው በአጋጣሚ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ጫን ብለሽ ስትይዢው ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ፖስታችን ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ሆነሽ ትቀጂና ዓርብ ትሰጪኛለሽ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ በምሳ ሰዓት እሰማዋለሁ። የልብስ ማጠቢያው ድምፅ፣ የማዳም አባት የሽማግሌው ባባ ቴሌቪዥን፣ በመካከል አንቺ። የሚይዘው ትንሽ ስለነበረ ግን የሰማሁትን አጠፋለሁ። በየሳምንቱ ድምፅሽን አጥፍቼ ዘፈን ጫንኩበት። ይህን ሳስብ ጣቶቼን ማየት ያስጠላኛል።

ያቺ የመጨረሻዋ ዓርብ በዐቢይ ጾም ነበረች። ሰው ማስክ ማድረግ የጀመረበት፣ ባሕር ዳሩም ጭር ማለት የጀመረበት ሰሞን። ዘፈኖቹን አንስቼ መዝሙር እንድጭንልሽ ኤምፒስሪውን ሰጠሽኝ። ከዚያ ሕሊና በስልክ ስታናግርሽ እማዬ ማለት ትታ እንደ አያቷ «ትርንጎ» ብላ እንደጠራችሽ ነገርሽኝ። አገር ልግባ ብለሽ ማዳምን አስፈቅደሽ ነበር፣ እሺ ብላሻለች። የቀረው የእኔ እሺታ ነው።

እኔ አገር ቤት የጀመርነውን ቤት አሰብኩ። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሌለው ቤት። ኮንትራትሽ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። «ስምንት ወር ምን አላት?» አልኩሽ።

«አንተ ቤት እየሠራህ ነው፤ እኔ ልጅ እያጣሁ ነው» አልሽኝ።

ተቆጣሁ። ለራሴ ነው እንዴ የምሠራው ብዬ ተነሳሁ፤ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ እንኳ አልሸኘሁሽም። ዞር ስል እዚያው ተቀምጠሽ ጫማሽ ውስጥ የገባውን አሸዋ ታራግፊ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁሽም። በነጋታው ለማዳም ትቼዋለሁ፣ እቆያለሁ እንዳልሻት የሰማሁት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በረራ ቆመ፣ ዱባይም ያለ ፈቃድ ከቤት መውጣት ተከለከለ።

ዓርብ ዓርብ በስልክ እንገናኝ ነበር። ስለ በሽታው፣ ስለ ሕሊና፣ ስለ ሁሉም አወራን፤ ያን ነገር ግን ሁለታችንም አላነሳነውም። አንቺ አጠገብ ማዳም አለች፣ እኔም ዙሪያዬን ሰባት ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሰማኛል። ስለዚህ አንድ ቀን በቀትር ጣሪያው ላይ ወጥቼ ለኤምፒስሪው ተናገርኩ። ልክ ነሽ አልኩ። መንገዱ በተከፈተ ቀን ሂጂ፣ ቤቱ ይቅር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የሚያደርስልኝ ግን አላገኘሁም። ጾሙ አለቀ፣ ፋሲካም አለፈ፤ መዝሙሩም ቃሌም ኪሴ ውስጥ ከረሙ። የማዳም ሾፌር አንዋር ፈቃድ ኖሮት አጅማን እህቷ ዘንድ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ነው፤ ኤምፒስሪውን ያኔ ሰጠሁት።

በቀጣዩ ዓርብ አልደወልሽም። ቅዳሜ አንዋር ደወለ፤ ባባ በሽታው እንደተገኘባቸው፣ ስታስታምሚያቸው የነበርሽው አንቺም ትኩሳት እንደያዘሽ ነገረኝ። እሑድ አምቡላንስ ወሰደሽ። ስልክሽ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ደወልኩ። አንዲት ነርስ ድምፄን ለምዳው ነበር፤ ሚስትህ ትታገላለች፣ ጸልይ ትለኝ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የደወለው ያስቀጠረሽ ኤጀንሲ ሰው ነው። የእኛ ሕንፃ አንድ ሰው ታሞበት በሩ ታሽጎ ነበር፤ ሲቀብሩሽ እኔ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ለቅሶ የተቀመጡልኝ የክፍሌ ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ በየአልጋው ላይ፣ ማስኩን አድርጎ፣ ሳይጠጋኝ። ለእማማ ዘውዴ መርዶውን ጎረቤት ነገረልኝ። በኋላ እኔ ስደውል ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ፣ እሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ።

በሩ ሲከፈት አንዋር ሻንጣሽን ይዞ መጣ። ከደጃፉ አስቀምጦት ወደ ኋላ ራቅ አለና ማስኩ እስኪርስ አለቀሰ። ኤምፒስሪውን ከትራስሽ ሥር እንዳገኘው ነገረኝ።

ታውቂያለሽ፣ ያ ዕቃ ሲከፈት ካቆሙት ቦታ ነው የሚቀጥለው። ብከፍተው መጨረሻ ላይ ምን እየሰማሽ እንደነበር ይነግረኛል። እኔን ሰምተሽኝ ይሆን? ወይስ መዝሙሩን ከፍተሽ እኔ ጋ ሳትደርሺ ደክሞሽ ይሆን? ለማወቅ ፈራሁ። ስልክ የሚጠግነው የክፍላችን ልጅ ሰይፉ ደግሞ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ያቆመበትን ይረሳል አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ ግን አልከፍተውም። ከዓመት በላይ እንዲህ ኖርኩ። ስነቅልም ስሰካም ስክሪኑን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነበር።

በዚያ ዓመት በየቦታው ነበርሽ። የጋራዡ የአየር መጭመቂያ ሲጮኽ ከሥሩ ስታዜሚ እሰማሻለሁ፤ ሲጠፋ ትጠፊያለሽ። አንድ ቀን ሜትሮ ውስጥ ጀርባዋን የሰጠችኝ ሴት ግራ ጆሮዋን በጣቷ ስትጫን አይቼ ሦስት ጣቢያ አለፈኝ። ስትዞር ሌላ ሰው ነች፤ ደነገጠችብኝ። ሰይፉ ሰው አናግር፣ ቄስ አናግር ይለኝ ነበር። እሺ እለውና አልሄድም።

ባለፈው ሐሙስ ጋራዥ ውስጥ ሸሚዝ ኪሴ ይዤው፣ አንድ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብዬ ስሠራ ደረቴ ላይ ብርሃን አየሁ። ቁልፉ ተጭኖ ተከፍቷል። ሳወጣው ሠላሳ አንደኛውን መዝሙር ለማንም ሳያሰማ እያጫወተ ነው። ከየት እንደጀመረ፣ ስንቱን እንዳለፈ አላውቅም። አንቺ ያቆምሽበት ቦታ ጠፋ። መኪናው ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ባለ መኪናው «ሙሽኪላ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ችግር የለም አልኩት።

ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ስለሌለ መፍራቴም አበቃ። ዓርብ ጠዋት አል ማምዛር ሄድኩ፣ ከተጣላንበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ግራውን ጆሮ አደረግሁና የተቀዱትን ከፈትኩ። አንድ ብቻ ነው የጠበቅሁት፣ የእኔን። ሁለት ነበሩ።

ሁለተኛው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የቧንቧ ውኃ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ አንቺ።

«ጌቾ፣ ሰማሁህ። ሁለት ጊዜ ሰማሁህ። ዘገየህ፤ ግን አልከው።»

ባባ እንደታመሙ፣ ጉሮሮሽ እንደሚያቃጥልሽ፣ መዝሙሩ ደህና እንደደረሰሽ ነገርሽኝ። ትንፋሽሽ ከቃል ወደ ቃል አልደርስ ይል ነበር። ከዚያ እንዲህ አልሽ፦ «ምናልባት ክፉ ከሆነ፣ ለእናቴም ለሕሊናም ራሷ ነች የቀረችው በላቸው። አንተን እንዲጠሉህ አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ማጥፋት ነበረብሽ፣ ረሳሽው። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይቀዳል። ሳህን ስታጥቢ፣ ወንበር ስትስቢ፣ ስትስዪ፣ ማዳም ከሩቅ ስትጠራሽ፣ አንቺም እሺ ስትዪ። ቃልሽን አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት። ያን ሁለት ደቂቃ ግን ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትወጣ ደጋገምኩት። አንዴ ሳሉ ሲበረታብሽ፣ አረፍ በይ እንጂ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ተነስተው ሄዱ።

እሑድ ለእማማ ዘውዴ ደወልኩ። አንቺ በላቸው ያልሽውን ልላቸው ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። ልትመጣ ተነስታ ነበር፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«አውቃለሁ ልጄ። ያኔውኑ ደውላ ነግራኛለች። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ እያወቁ መርቀውኝ ስልክ ይዘጉ ነበር። በመጨረሻ ልጅህ ዘንድ ና አሉኝ። ለጋራዡ ባለቤት ነግሬዋለሁ፤ መስከረም ላይ እገባለሁ። ድምፅሽን ሰይፉ ሌላ ሁለት ቦታ ገልብጦልኛል። መቃብርሽን ከመሄዴ በፊት አንዋር ወስዶ ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል፤ ቦታውን አጠያይቆ ያገኘው እሱ ነው።

ትርንጎዬ፣ የጠየቅሽኝን ግን አላደርገውም፣ ይቅር በይኝ። አሁን ሕሊና ትንሽ ናት። አንድ ቀን እናቴ ለምን ሳትመጣ ቀረች ብላ ትጠይቀኛለች። ያን ቀን ልትመጣ ፈልጋ እንደነበር፣ ማዳምን አስፈቅዳ እንደነበር፣ በስሟ ስትጠራት እንዴት እንደነደዳት እነግራታለሁ። ያስቀራት ማን እንደሆነም እነግራታለሁ። የዚያን ዓርብ ቃልሽን ሁሉ፣ የእኔንም ሁሉ፣ አንዱን ሳልጥል እስከዚያ ይዤው እቆያለሁ። ከዚያ በኋላ ሕሊና ለእኔ የሚኖራት ፊት የራሷ ነው። አንቺን ግን ልጇን ትታ የቀረች እናት ናት ብላ እንድታስብሽ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።

ባልሽ ጌታቸው
አጅማን