የአያትህ ወንበር ሲታደስ

ወንዴ የልጅ ልጄ፣ የአያትህ ወንበር ሆዱ አንዴ ከተቀደደ እንደነበረ ተመልሶ ይሰፋ ይሆን? እኔስ እንጃ።

ቁርስህ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሳትበላ እንዳትወጣ።

የፒያሳው ሶፋ ሠሪ ሲመጣ የከፋይ ልብሱን ይቀይረው። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ያገለገለ ጨርቅ ጡረታ ይገባዋል። ውስጡ ያለውን የፈረስ ጭራ ግን አጥቦ፣ አበጥሮ ይመልሰው። አንተ ስፖንጅ ስፖንጅ ትላለህ፤ ስፖንጅ የአያትህን ክብደት አንድ ክረምት አይችልም ነበር!

ሽታው ከገረመህ የእኔ ሥራ ነው። ብል እንዳይበላው ብዬ ትናንት እንደ እርጎ ቅል በወይራ አጠንሁት። አንደኛው እግሩ ትንሽ ጠቁሯል።
ትንሽ ነው።
ሠሪው ከሳቀ "እርጎ ልንንጥበት ነው" በለው።

አያትህ ሲቀመጡበት የጎደጎደውን ቦታ አደራ እንዳይሞላው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ ስቀመጥ ሰው ያቀፈኝ ይመስለኛል። ወንበሩን ለማሳደስ ይህን ሁሉ የምትደክመው እኔን ለማስደሰት መሆኑም አልጠፋኝም።

ቁስቋም ልሳለም ሄጃለሁ። ብቀሰቅስህ "ተወው፣ አይነካ" ማለቴ አይቀርም። እንዲያ ብዬ ደስታህን ከማበላሽ፣ ተኝተህ ሳለህ ይህችን ወረቀት ትቼልህ ወጣሁ።