ጃክ የጠጣው ሆራ

ሰኞ፣ ጥር 6። ጠዋት

የውሻችንን የቡቺን ምግብ ለሦስት ከፈልኩ። ባንዴ ከሰጠኋት ትውጣለች እንጂ አታኝክም። ደብተሬ፣ ዛሬም ሰማሁት። ጃክ ሊያስመልስ ሲታገል፣ ምንም ሳይወጣለት። ከተቀበረ ወር አለፈው። እኔ ግን ውሃ ሄዶ ቧንቧው ባጓራ ቁጥር ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። መ/ቤት ሴቶቹ አሾፉብኝ፤ ለውሻ ድንኳን እንጣልልሽ ወይ አሉ። ሳቅኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 8። ማታ

የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅሁ፣ ለቡቺ ብዬ። ሆድ እንደ ከበሮ ሲወጠር፣ ለሃጭ ሲዝረበረብ፣ መተኛት ሲያቅታት፣ ባዶ ማስመለስ ሲይዛት፣ ጨጓራዋ ተጠማዝዟል ማለት ነው። ጋዙ መውጫ ያጣል። ያኔ ወደ ሐኪም መሮጥ ብቻ። ሆራስ፣ ያ ከብት የሚጠጣው የማዕድን ውሃ፣ ቢጠጣ? አልኩት። የምንጩ ውሃ ራሱ ጋዝ ነው፣ ያባብሰዋል፣ አለ።

ጃክ ሲነፋ ሆራ ያጠጣው አባዬ ነው። አገር ቤት፣ ጌዶ፣ ከብት ሲያረባ የተነፋ በሬ በሆራ ሲተነፍስ አይቷል። ምንጩ ድረስ በእግሩ ሄዶ ቀድቶ፣ የጃክን አፍ ይዞ አጠጣው። አሁን የሚጽናናው በዚያ ብቻ ነው። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንኳንም በውሃ ጥም አልሞተ" ይለኛል።

እንዴት ብዬ ልንገረው?

ሰኞ፣ ጥር 13። 8 ሰዓት፣ ክሊኒክ

ጎረቤት የሠርግ ትራፊ ወርውረውላት ኖሯል። ቀትር ላይ ቡቺ ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ ትዞራለች። ሆዷን ነካሁ፤ ድንጋይ። ያ ድምፅ፣ አሁን እውነተኛው። አባዬ ለሆራ ጀሪካን አንስቷል። ነጠቅኩት። ጮህኩበት። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ጸለየ።

ሐኪሙ በመርፌ ጋዙን አስተነፈሰላት። አሁን ሆዷን ከፍቶ ጨጓራዋን እየመለሰ ነው። ቶሎ አመጣችኋት አለ፤ ተስፋ ግን አልሰጠም።

አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል። ለምን ቀማሽኝ ይላል። ሆራው ጃክን ጎድቶት ነበር ወይ? ቆይ አባዬ፣ ሐኪሙ ይውጣ አልኩት። ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። ፊቴን ደብተሩ ላይ ደፍቻለሁ።

ወስኛለሁ። ከነቃች እነግረዋለሁ፣ ቡቺን አቅፎ ይስማው። ካልነቃች፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዕድሜ ልኬን እዋሸዋለሁ።